ሸክላ በጠርዙ ነው የሚያዘው

ሌቦቹ ሚኒባሱ ውስጥ ሲገቡ የዘፈን ሸክላው ጭኔ ላይ ነበር። ግን እንዴት ጭኔ ላይ እንደደረሰ መጀመሪያ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ወሬዬ መሀል ላይ ሲደርስ "የምን ሸክላ?" ብላችሁ ታቋርጡኛላችሁ፤ ሲያቋርጡኝ ደግሞ አልወድም።

ወንድሜ ኤፍሬን የሚያመልከው አንድ የፓንክ ባንድ አለ። ስማቸው "የጣራ ውሾች" ነው። እኛ ሰፈር ኔሳ ውስጥ ውሻ የሚኖረው ጣራ ላይ ነው፤ ከላይ ሆኖ አላፊ አግዳሚውን ሲሰድብ ይውላል። ባንዱም እንደዚያው ነው፤ ሦስት ሰው፣ ብዙ ጩኸት፣ ትንሽ ዜማ። ያወጡት ሸክላ አንድ ብቻ ነው። ያንኑ አንዱን ግን በየጊዜው በሌላ ቀለም ያሳትሙታል። ጥቁር አለ፣ ቀይ አለ፣ ቢጫ አለ፣ ነጭ ሆኖ ደም የተረጨበት የሚመስል አለ፣ እንደ መስኮት ወዲያ ማዶ የሚያሳይም አለ። ዘፈኖቹ ያው ናቸው። እናቴ "ያው ባቄላ በሌላ ሳህን" ትላቸዋለች። ኤፍሬን ግን ሳህኖቹን ሁሉ ሰብስቧል፤ ከአንዱ በስተቀር።

ያ አንዱ ታስቦ የተሠራ አይደለም። ማተሚያው ከአንድ ቀለም ወደ ሌላው ሲዞር፣ የድሮው ቀለም ከማሽኑ ሆድ ተጠርጎ እስኪያልቅ ሁለቱ ተደባልቀው ይወጣሉ። አረንጓዴውን ጨርሰው ወይን ጠጁን ሲጀምሩ መሀል ላይ ጥቂት ሸክላዎች ወጡ፤ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ወይን ጠጅ፣ የሚገናኙበት ቦታ ደግሞ እንደ በለዘ ጉልበት ያለ። ጤነኛ ሰው "ተበላሸ" ብሎ ይጥለው ነበር። የኛዎቹ ግን የሚያብዱት ለተበላሸው ነው።

ኤፍሬን ሥራው ጣራ ላይ የውኃ ታንከር መስቀል ነበር። ወደቀ። እግሩን በብረት ገጣጥመው ቤት ከመለሱት ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ሥራው ሆነ። የሚበላው እናቴ ስታለቅስ ብቻ ነው። ታዲያ አንድ ጠዋት ስልኩን ሲነካካ ያቺ ድብልቅ ሸክላ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚቆመው የሸክላ ገበያ፣ ቾፖ ላይ እንዳለች አየ። ተነስቶ ቁጭ አለ። ፊቱን ታጠበ። እናቴ ቲማቲም እየከተፈች ቢላዋዋን አስቀምጣ አማተበች።

ሸክላዋን የያዘችው እትዬ ቻቤላ ነበረች። እሷ ደግሞ በገንዘብ አትሸጥም፤ በልዋጭ ብቻ። ኤፍሬን የቆዳ ጃኬቱን አውርዶ ሰጠኝ። ያንን ጃኬት ብታዩት! ሹል ሹል ብረቶቹን አንድ በአንድ ራሱ ነው የመታቸው፤ ጀርባው ላይ ጥርሱን ያገጠጠ ውሻ ራሱ ነው የሳለው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ከላዩ ላይ ወርዶ አያውቅም።

"ይሄን ሰጥተህ ምን ልትለብስ ነው?" አልኩት።

"ብርድ።"

"ልብ በል፣ ከአንድ እግርህ ጋር አእምሮህም ወድቋል።"

"ሂጂ አንቺ ቁንጫ!" አለኝ። ስሜ ዙሌማ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ቁንጫ ነኝ፤ ትንሽ ስለሆንኩና ስለምነክስ። "ደግሞ ለኔፍታሊ እንዳትነግሪው። እሁድ ሲመጣ ድንገት ነው የማወጣለት። ፊቱን ማየት አለብኝ።"

ኔፍታሊ የኤፍሬን የነፍስ ጓደኛ ነው። እሱም የጣራ ውሾችን ነው የሚሰበስበው፤ እሱም ሁሉም አለው፤ እሱም የጎደለችው ያቺው ናት። ኤፍሬን ከወደቀ ወዲህ እሁድ እሁድ ጣፋጭ ዳቦ ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱ ተቀምጠው ያንኑ ዘፈን በየቀለሙ እያገላበጡ ይሰማሉ። እኔ ልዩነቱን ሰምቼ አላውቅም። እነሱ ግን "ቀዩ ይሞቃል" ይላሉ። ይሙቃቸው።

ቅዳሜ ቾፖ ሄድኩ። ብቻዬን ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስለዚህ እንደለመደ ሰው አፍንጫዬን ነፍቼ ነበር የምራመደው። እትዬ ቻቤላ ግራ ቀኟን ተላጭታ መሀሉ ላይ ሽበታም ቁንጮ ያቆመች ሴትዮ ናት። ጃኬቱን ገልብጣ ስፌቱን አየች፣ ውሻውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ሸክላ እንዴት ነው የሚያዘው?"

"በጠርዙ።"

"መሀሉን በጣትሽ ብትነኪውስ?"

"ጣቴ ይቆረጥ።"

"የኤፍሬን እህት መሆንሽ ታወቀ።" ሸክላዋን ከልባሷ አውጥታ በሁለት መዳፎቿ መሀል ይዛ ወደ ፀሐይ አዞረቻት። እኔ ለነዚህ ሰዎች ዕብደት የምስቅ ልጅ፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አረንጓዴው ወደ ወይን ጠጁ ውስጥ እየገባ ነበር፤ ልክ አሁን፣ እያየሁት። "ውስጧ የግጥም ወረቀት አለ" አለችኝ። "ያለ ወረቀቷ ግማሽ ናት። ወረቀቷን ከጣልሽ ሸክላዋን ጣልሽ።"

የቾፖ ልዋጭ ሕግ አለው። እኔ የእሷን ዕቃ እይዛለሁ፣ እሷ የእኔን ትይዛለች፣ ከዚያ ሁለታችንም እኩል እንለቃለን። አንዱ ለቆ ሌላው ሙጭጭ ካለ ገበያው ሁሉ "እጅ! እጅ!" እያለ ይጮህበታል፤ እፍረቱ እስከ ልጅ ልጅ ነው። እኩል ለቀቅን። ጃኬቱ ሄደ። ወደኋላ አላየሁም፤ ውሻው የሚያየኝ መስሎኝ።

ከዚያ በባቡር፣ ከዚያ የኔሳውን ሚኒባስ። ሁላችሁም እንደምታውቁት እዚህ መስመር ላይ የሚሳፈር ሰው ሁለት ስልክ ይዞ ነው። የራስ ስልክና የሌባ ስልክ። የሌባ ስልክ ማለት የሞተ፣ ግን ሲያዩት ያልሞተ የሚመስል ነው። የራሴን ካልሲዬ ውስጥ ከትቼ የሌባውን ኪሴ አደረግኩ፤ መስኮት ሥር ተቀመጥኩ። ሰዉ ሂሳቡን ከእጅ ወደ እጅ ወደ ሾፌሩ እያቀበለ፣ መልሱ ከእጅ ወደ እጅ እየተመለሰ፣ አንዲት ወፍራም እማማ አጠገቤ ሽንኩርታቸውን ታቅፈው እያንጎላጁ፣ ሁሉ ሰላም ነበር።

ሦስት ሆነው ነው የገቡት። አንዱ ከሾፌሩ አጠገብ፣ አንዱ በሩ ላይ፣ አንዱ ወደ እኛ። ኮፍያ፣ የአፍ መሸፈኛ፣ ዓይን ብቻ።

"ነገሩን ታውቁታላችሁ!" አለ የበሩ። ሽጉጥ ይዟል። "ስልክ፣ ቦርሳ፣ ቶሎ! ቀና ያለ አናቱን ነው!"

የሌባ ስልኬን ሳወጣ እጄ ከመንቀጥቀጡ የተነሳ ስልኩ ሕይወት የዘራ መሰለኝ። ከረጢት የያዘው ሌባ ወደ እኔ ደረሰ፤ ስልኩን ተቀበለ፤ የእማማን ቦርሳ ተቀበለ። ሊያልፍ ሲል ጭኔን አየ።

ቆመ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፤ የሌባ አቋቋም አልነበረም። ሰው መንገድ ላይ ሟች አክስቱን ቢያይ የሚቆመው ዓይነት ነው። ቀስ ብሎ ሸክላውን ከእጄ ወሰደ። ከልባሱ ሲያወጣው የግጥም ወረቀቱ ሾልኮ ቀሚሴ ላይ ወደቀ፤ እሱ አላየም። ዓይኑ ሌላ ነገር አያይም ነበር። በሁለት መዳፉ ጠርዙን ያዘ፤ "እፍ" ብሎ አቧራውን አባረረ፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ አዘንብሎ በብርሃኑ አየው። አሥራ ምናምን ሰው አንገቱን ደፍቶ ነፍሱን እየተማጸነ እሱ ቀለም ያያል!

"አንተ! ምን እያደረግክ ነው?" ጮኸ የበሩ።

ሚኒባሱ ጉድጓድ ገባና ሁላችንም ተንገጫገጭን። የሰውየው አውራ ጣት ወደ መሀል ሊንሸራተት ሲል አየሁ። በዚህ ጊዜ አፌ፣ ይሄ የማይታዘዘኝ አፌ፣

"በጠርዙ ያዘው!" አለ።

እማማ ጉልበቴን ጨምድደው "ዝም በይ የኔ ልጅ፣ ዝም በይ ስለ ድንግል" አሉ። የበሩ ልጅ ሽጉጡን ወደ ፊቴ አዞረ። የሽጉጥ አፍ እንዲህ ትንሽ ጨለማ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ሁሉ ነገር ተረስቶኝ እዚያች ጨለማ ውስጥ ገባሁ።

ሸክላውን የያዘው ግን ቀና ብሎ አየኝ። "አውቃለሁ" አለ። ቀስ ብሎ፣ ቅር ብሎት፤ ዳቦ ጋጋሪ "ጨው ጨምር" ሲሉት እንደሚለው። ከዚያ ሸክላውን ወደ ልባሱ መለሰና ከስልኮቹ ጋር ሳይሆን በኮቱ ሥር፣ ደረቱ ላይ አደረገው። ወረዱ። ሚኒባሱ ሄደ። ሾፌሩ ለማንም ሳይሆን "ሂሳብ ያልከፈላችሁ" አለ፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረ።

ወረቀቱን አጣጥፌ ጉያዬ ከተትኩ።

ቤት ስደርስ ኤፍሬን ክራንቹን ተደግፎ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ፀጉሩን ሁሉ አበጥሮ። እጄን አየ። ባዶ ነው። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሽጉጡን፣ እፍ ማለቱን፣ አፌን። ወረቀቱን ብቻ ደበቅኩ። ከሸክላዋ የቀረ ወረቀት ማሳየት የሞተ ሰው ጫማ እንደማሳየት መሰለኝ፤ ትንሽ ይሻለው ብዬ ፍራሼ ሥር አደረግኩት።

ኤፍሬን ስለ ጃኬቱ አንድ ቃል አልወጣውም። "አውቃለሁ አለሽ?" ብቻ አለ።

"አዎ።"

"በጠርዙ ነው የያዛት?"

"በጠርዙ።"

"ቢያንስ" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሚያስፈራኝ ሽጉጡ አልነበረም። ያ "አውቃለሁ" ነው የሚያስፈራኝ። የሆነ ቦታ ሰምቼዋለሁ። ጣራ ላይ ያለው ውሻችን በጮኸ ቁጥር ልቤ አብሮት ይጮሃል።

እሁድ ኔፍታሊ ዳቦውን ይዞ መጣ። እናቴ ባቄላ በቃሪያ ሠርታ ነበር። ኤፍሬን ወሬውን እንዳለ ነገረው፤ ጃኬቱን፣ ልዋጩን፣ ሌባውን፣ ሁሉን። ኔፍታሊ እያዳመጠ ሳህኑን ነበር የሚያየው።

"ከጃኬቱ ጋር?" አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ተሰባብሮ። "ጃኬትህን ሰጥተህ ነው?"

"ፊትህን ለማየት ብዬ" አለ ኤፍሬን። "አሁንም አየሁት፤ ምንም አይልም፤ የታመመ ፍየል ይመስላል።"

እናቴ ድስቱን ይዛ መጣች። "ተጠንቀቅ የኔ ልጅ፣ ይፋጃል።"

"አውቃለሁ፣ እማማ ኦቲሊያ" አለ ኔፍታሊ።

ማንኪያዬ ወደቀ።

ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ማንኪያውን ፈለግኩት። እዚያ ቆየሁ። ዙሪያዬን የእናቴ ጫማ፣ የኤፍሬን ብረት የተገጠመለት እግር፣ የኔፍታሊ ቦት ጫማ። ያ ቦት ጫማ። ሚኒባሱ ውስጥ አንገቴን ስደፋ ያየሁት እሱን ነበር፤ ግን ትናንት ፍርሃቴ ብቻ ነበር ያየው፣ እኔ አልነበርኩም። በልጅነቴ ጫንቃው ላይ ተሸክሞኝ ኮንሰርት ያስገባኝ ሰው ነው። እሱ እያለ ነው ያ ጥቁር ቀዳዳ ፊቴ ላይ የተደቀነው። አሁን ደግሞ ባቄላችንን እየበላ ነው።

"ምን ሆንሽ አንቺ፣ ምድር ቤት ገባሽ እንዴ?" አለች እናቴ።

ወጣሁ። ኔፍታሊ አላየኝም፤ እያየኝ ግን ነበር። ሰው ሳያይ ሲያይ ታውቁታላችሁ።

ኤፍሬን ቢያውቅ የሚሆነው ግልጽ ነው። ወንድሜ ሁለት እግር እያለው እንኳን መጀመሪያ መትቶ ኋላ ነው የሚያስበው። በአንድ እግር ይነሳል። ኔፍታሊ ደግሞ ብቻውን አይደለም፤ ያ የበሩ ልጅ አለ፣ ያቺ ጨለማ አለች። ስለዚህ ዳቦዬን ጎረስኩ። እንደ አሸዋ ነበር። "ዝም በይ ዙሌማ፣ ዛሬ ብቻ ዝም በይ" አልኩት አፌን።

ጉድ የመጣው ግን ከኔ አፍ አልነበረም። ኤፍሬን "አሁን ያ ውሻ ደረቱ ላይ አድርጓት እየሰማት ይሆናል" ብሎ ሲተነፍስ፣ ኔፍታሊ ሊያጽናናው ፈልጎ ነው መሰለኝ፣

"ተወው፤ ግማሽ ነው የሰረቀው። ወረቀቷ የለችም" አለ።

እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራ ሌላ ሌባ የለም። ሌላው ሌባ ስለ ወረቀት ግድ አይሰጠውም። እሱን ግን ሌሊቱን ሲያንገበግበው አድሯል፤ ልባሱን ገልብጦ፣ አራግፎ፣ ወረቀቷን አጥቶ። ያመለጠው ከዚያ ነው።

ኤፍሬን ቀና አለ። "የምን ወረቀት?"

ኔፍታሊ ነጣ። እጁ ቀስ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ሄደ፤ ሊነሳ ይሁን ሊገለብጠው አላውቅም። የእናቴ ጭልፋ አየር ላይ ቀረ።

"እኔ ነኝ የነገርኩት!" አልኩ፤ በጣም ጮክ ብዬ። "በሩን ስከፍትለት። ወረቀቷ እኔ ጋ ቀርታለች። አንተ እንዳታለቅስ ብዬ ነው ላንተ ያልነገርኩህ፤ አልቃሻ!" ሮጬ ከፍራሼ ሥር አመጣሁና ሳህኑ አጠገብ ወረወርኩለት።

ኤፍሬን ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ አነበበው፤ በቃሉ የሚያውቀውን ግጥም። ከዚያ እኔን አየኝ። በሩን የከፈተችው እናቴ ነበረች። እናቴ ግን ባቄላ መቅዳቷን ቀጠለች።

"ቁንጫ፣ ሸኚውና በሩን ቆልፊው" አለች እናቴ፣ ኔፍታሊ ሲወጣ።

ግቢው ውስጥ ጎን ለጎን ሄድን። ከጣራው ላይ ውሻችን ወሬያችንን ሊሰማ አንገቱን አወጣ። ኔፍታሊ በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ መንገዴን ዘጋ።

"ለምን እንደዚያ አልሽ?"

"ወንድሜ አንድ እግር ብቻ ስላለው።"

"ሚኒባሱ ውስጥ መኖርሽን አላወቅኩም ነበር፣ በእናቴ ይሁንብኝ። ሳይሽ ጊዜው አልፏል። ሁለቱ እያዩ ነበር፤ አንቺን ብዘልሽ ለምን ይሉኛል።"

"ሸክላዋንስ ለምን ይሉህ ነበር?"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ስሚኝ ቁንጫ። ሁለቱ ልጆች ቤታችሁን አያውቁም። እንዳሳውቃቸው አታድርጊኝ" አለኝ።

ይሄን ያለኝ ጫንቃው ላይ የተሸከመኝ ሰው ነው። ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። እንዳያይብኝ ብዬ ጥርሴን ገጥሜ ነው የተናገርኩት።

"ቾፖ ላይ ሁለት እጅ እንዴት ነው የሚለቀው?"

"ምን?"

"እንዴት ነው የሚለቀው አልኩህ።"

"እኩል።"

"እኔ አሁን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ለቅቄያለሁ። እናቴ ፊት ዋሸሁልህ። ያንተ እጅ ነው የቀረው፣ ኔፍታሊ። እጅ!"

አየኝ። የሚመታኝ መሰለኝ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው በሩ ክፍት ነበር፤ እሱ የለም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት አታስታውሱኝ። ሞተር ብስክሌት ባለፈ ቁጥር እተኛለሁ፤ መሬት ላይ። ቶርቲያ፣ የበቆሎ ቂጣችንን፣ ልገዛ ስላክ በጓሮ በኩል እዞራለሁ። አንድ ልጅ ከኋላዬ ቢያፏጭ ቶርቲያውን ጥዬ ሮጥኩ፤ ልጁ ለካ ለእርግቦቹ ነው የሚያፏጨው። እናቴ "ይቺ ልጅ ወዳለች እንዴ?" አለች። ኤፍሬን አልሳቀም። ወረቀቱን ትራሱ ሥር አድርጎ እኔን ያያል፤ ብቻ ያያል።

ሐሙስ ጠዋት እናቴ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ጮኸች። በርሜሉ ክዳን ላይ የዳቦ ቤት ከረጢት፣ ከረጢቱ ውስጥ ሸክላዋ። አንድ ጭረት የላትም።

ኤፍሬን አወጣት፤ በመዳፎቹ፣ ወደ መስኮቱ። አረንጓዴው ወይን ጠጁ ውስጥ ገባ። ወንድሜ ከወደቀ ወዲህ ያን ዓይነት ፊት አላየሁበትም ነበር፤ ስለዚህ እኔም አለቀስኩ፤ ከደስታ ይሁን ከፍርሃት እንጃ። ሌባው ደግሞ ከረጢቱን እንኳን አልቀየረም፤ ያው ኔፍታሊ እሁድ እሁድ ዳቦ የሚያመጣበት ነው! እንዴት ያለ ሞኝ ነው? ከረጢቱን ኤፍሬን ሳያየው ጨምድጄ ምድጃው ውስጥ ከተትኩት።

"ኔፍታሊን ጥሪልኝ" አለ ኤፍሬን።

"ሥራ ላይ ይሆናል።"

"ጥሪልኝ አልኩሽ። ፊቱን ማየት አለብኝ።"

ኔፍታሊ መጣ። ላለመምጣት ምክንያት ቢያጣ ነው የመጣው። በሩ ላይ ቆሞ "አይ! አይደለም! እሷ ናት?" ሲል ትወናው ከመጥፎነቱ የተነሳ እኔ አፈርኩለት። ኤፍሬን ሸክላዋን ዘረጋለት።

"ያዛት። በጠርዟ ግን።"

"አውቃለሁ" አለ ኔፍታሊ።

ቀስ ብሎ። ቅር ብሎት። ከዚያ እጁ ልማዱን ሠራ፤ "እፍ" አለና ወደ መስኮቱ አዘነበላት።

ወንድሜን አውቀዋለሁ። ቅዳሜ የነገርኩት ነገር ሁሉ፣ ከእሁዱ ወረቀት ጋር ተደምሮ ፊቱ ላይ ሲያልፍ አየሁት። ክራንቹን የያዘው ጣቱ ነጣ። እኔን ተመለከተኝ። ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ፤ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ። አይሆንም። እባክህ።

ኤፍሬን ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ሸክላዋን ከኔፍታሊ መዳፍ ተቀብሎ ማጫወቻው ላይ አስቀመጣት፤ መርፌውን አወረደ። ጩኸቱ ጀመረ። በጩኸቱ መሀል፣ ፊቱን ሳያዞር፣

"ከዛሬ ጀምሮ እህቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ቾፖ ስትሄድ አብረሃት ትሄዳለህ" አለው። "ትወስዳታለህ፣ ትመልሳታለህ። አንተ አጠገቧ ካለህ ማንም አይነካትም። አይደል?"

ኔፍታሊ አንገቱን ደፋ።

"ስማ፣ ይቺኛዋ የሸክላዋ ገጽ ደስ ትላለች" አለ ኤፍሬን።

ቅዳሜ ስንመለስ መስኮት ሥር ነኝ፤ ኔፍታሊ አጠገቤ። ሂሳባችንን አቀበልን። ባለፈው ሌቦቹ የገቡባት ጥግ ስንደርስ ሚኒባሱ ቆመና ሁለት ልጆች ገቡ። የአፍ መሸፈኛቸው ገና አገጫቸው ላይ ነው። አንዱን በዓይኑ አወቅኩት፤ የበሩን። ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው።

መስኮቱ ላይ ተለጠፍኩ።

ልጁ ሰዉን አንድ በአንድ አየ። ኔፍታሊ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ አገጩን ወደ ላይ አደረገ፤ "አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?" እንደማለት። ኔፍታሊ ቀስ ብሎ ክንዱን በፊቴ አሳልፎ የፊተኛውን ወንበር ያዘ፤ እንደ በር መወርወሪያ። ከዚያ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ትንሽ። በጣም ትንሽ።

ልጁ አየው። እኔን አየኝ። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ሾፌሩ "ግቡ ወይ ውረዱ" ይላል፣ እኔ የኔፍታሊን ክንድ እያየሁ ፀጉሩ እንደ ውሻ ፀጉር መቆሙን ብቻ ነው የማየው።

"ይሄኛው አይሄድልንም" አለ ልጁ ለጓደኛው፤ ወረዱ።

ክንዱን አላነሳውም። እስከ ኔሳ ድረስ እዚያው ነበር። ፊቱን ሰርቄ አየሁት፤ ጉንጩ አመድ መስሎ፣ ከከንፈሩ በታች ላብ ችፍ ብሎ።

ኤፍሬን ሊያየው የፈለገው ፊት ይሄ ነበር። ግን አልነገርኩትም።